ማርኮኒ፣ የሞገድ ማጣሪያውና የቦነያ ሜዳ

የምሩቃን ማኅበራችን መጽሔት የአንድ ስመ ጥር ሰው ሕይወት ማስነበብ ልማዱ ነው። እስከ ዛሬ የተጻፈላቸው አብዛኞቹ ሐኪሞችና መምህራን ናቸው። ዘንድሮ ተራው ነቀምቴ ላለነው ሲደርሰን እኔ የመረጥኩት ሰው ግን ሐኪም አይደለም፤ እንዲያውም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተመረቀም። ጉልዬልሞ ማርኮኒ ነው። የምሩቃን መጽሔት ላይ ያልተመረቀ ሰው ይዞ መምጣት ያስቃል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ይህ ሰው ዕድሜውን ከሞላ ጎደል በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው የጨረሰው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሚናገርበት አየር ላይ የምንፈልገውን አንዱን ብቻ እንዴት እንሰማለን? የዚህ ጥያቄ መልስ ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ባለው ስልክ ውስጥ አለ። ሁለተኛው ምክንያቴ ከእኛ ከባኬ ጃማ ልጆች ጋር የሚነካካ ነው፤ እሱን በቦታው እደርስበታለሁ። የውጭ አገሩን ነገር በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ማርኮኒ ኤፕሪል 25 ቀን 1874 ኢጣልያ፣ ቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለ መሬት ነበር። እናቱ አኒ ጄምሰን የአየርላንድ ሴት ስትሆን ቤተሰቦቿ በውስኪ ጠመቃ የታወቁ ናቸው። ልጁ በብዛት የተማረው በቤት አስተማሪ ነው። የባሕር ኃይል አካዳሚ መግባት አልሆነለትም፤ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። ዕድል ሆኖ ጎረቤታቸው የነበረው የፊዚክስ ፕሮፌሰር አውጉስቶ ሪጊ ቤተ ሙከራውንና መጻሕፍቱን እንዲያይ ፈቀደለት። እናቱ ባትገፋበት ይህም አይሆንም ነበር። የልጇን ነገር ይዛ በር የምታንኳኳ እናት እዚህም እዚያም አንድ ናት።

በ1894 የኤሌክትሪክ ሞገድን በሙከራ ያሳየው ጀርመናዊው ሄርትዝ በወጣትነቱ ሞተ። ስለ ሥራው የተጻፈውን ያነበበው የሃያ ዓመቱ ማርኮኒ፣ ይህ ሞገድ ያለ ሽቦ መልእክት መላክ ይችላል የሚል ሐሳብ ያዘውና አልለቀው አለ። የቤታቸው ጣራ ሥር ቀድሞ የሐር ትል ይረባበት የነበረ ክፍል ነበር፤ እዚያ ገብቶ ተቀመጠ። በ1895 መሣሪያውን ወደ ደጅ አወጣ። ወንድሙ መቀበያውን ይዞ ከኮረብታው ማዶ ሄደ። ምልክቱ ከደረሰ ጠመንጃ እንዲተኮስ ተስማምተው ነበርና ተኩሱ ተሰማ። በመካከል ኮረብታ ቆሞ እያለ ሞገዱ አልፏል ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ከእናቱ ጋር ለንደን ገባ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስ ተቀብሎ ደገፈው። በ1897 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1899 እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን ባሕር በሞገድ ተሻገረ። እዚህ ድረስ ያለውን በፍጥነት አልፌዋለሁ፤ ምክንያቱም ዋናው ችግር የመጣው ከተሳካለት በኋላ ነው።

የያኔው ማሠራጫ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር። ብልጭታው አንዴ ቧ ሲል የሚወጣው ሞገድ በአንድ መስመር ላይ አይሄድም፤ ግራና ቀኙን ሁሉ ይሞላዋል። ቆርቆሮ በድንጋይ ሲመታ የሚሰማውን አስቡት፤ ጩኸቱ አለ፣ የቱ ቅኝት እንደሆነ ግን ማንም አይለየውም። አንድ ማሠራጫ ብቻ በዓለም ላይ ሲኖር ይህ ችግር አልነበረም። ሁለተኛው ሲተከል ግን መልእክቱ እርስ በርሱ ተደበላለቀ። ጠላት እንዳይሰማብን የሚል ስጋት የያዛቸው የባሕር ኃይሎች ደግሞ ለዚህ ነገር ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት መልስ ፈለጉ።

መልሱ ቅኝት ነው። ክራር የሚመታ ሰው ይህን ያለ ፊዚክስ ያውቀዋል። ሁለት ክራሮች በአንድ ክፍል ውስጥ እኩል ተቃኝተው ሲቀመጡ የአንዱ አውታር ሲመታ የሌላኛው ተመሳሳይ አውታር ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ ያልተቃኘው ግን ዝም ይላል። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ ይህንኑ በኤሌክትሪክ አሳይቶ በ1897 የባለቤትነት መብት ጠየቀበት። ማርኮኒ ሐሳቡን ወስዶ ማሠራጫውም መቀበያውም በየራሳቸው ሁለት ሁለት የተቃኘ ዑደት እንዲኖራቸው አደረገ፤ ኤፕሪል 26 ቀን 1900 ያስመዘገበው መብት በቁጥሩ ይታወቃል፤ 7777 ነው። በዚያው ዓመት ባደረገው ሙከራ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ሌላው በፈረንሳይኛ መልእክት ላኩ፤ ማዶ ያሉት መቀበያዎች አንዱን ከአንዱ ሳይደባልቁ ተቀበሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። መቃኘት ሲባል ሁለት ነገር አለበት። አንዱ የት ቦታ ላይ እንደምናዳምጥ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከዚያ ቦታ ግራና ቀኝ ምን ያህል ስፋት እንደምናስገባ። የራዲዮ ሰዎች ባንድዊድዝ የሚሉት ሁለተኛውን ነው። በር እንደመክፈት ማለት ነው። ሰፋ አድርጋችሁ ከከፈታችሁ የፈለጋችሁት እንግዳም ያልጠራችሁት ውሻም አብረው ይገባሉ። በጣም ካጠበባችሁት እንግዳው ራሱ ትከሻው አያልፍም። የዛሬ የአማተር ራዲዮ ሰዎች በአጭር ሞገድ የሰው ድምፅ ሲያዳምጡ ማጣሪያቸውን ወደ 2400 ሄርትዝ ገደማ ያደርጉታል፤ ሞርስ ሲሆን 500 ወይም ከዚያ በታች ይበቃቸዋል። ድምፅን በ500 ቢያዳምጡት ጎረቤቱ ጣቢያ ይጠፋላቸዋል፤ የሚናገረውም ሰው በትራስ ታፍኖ እንደሚያወራ ይሆንባቸዋል። ሞርሱንም ቢሆን ከመጠን በላይ ካጠበቡት እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ደወል ጭራ ያወጣና አንዱ ከአንዱ ይጣበቃል።

ሐኪም የሆናችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ፤ የልብ ኤሌክትሪክ መመርመሪያው፣ ያው ኢሲጂያችን፣ ተመሳሳይ ነገር አለው። ታካሚው ሲንቀጠቀጥ ወይም የግድግዳው መብራት 50 ሄርትዝ ገብቶ መስመሩን ሲያሻክረው ማጣሪያውን እንጫናለን። መስመሩ ለዓይን ደስ የሚል ይሆናል። ግን ከላይ በ40 ሄርትዝ ስንቆርጠው ትንንሾቹ ሹል ነገሮች ይደፈጠጣሉ፤ ከታች ያለውን ከ0.05 ወደ 0.5 ስናነሳው ደግሞ ኤስቲ የምንለው ክፍል ቅርጹን ሊለውጥ ይችላል። የልብ ድካም አለበት የለበትም ብለን የምንፈርደው በዚያ ክፍል ነው። ለዚህ ነው እዚህ ነቀምቴ አብረውኝ ለሚሠሩት ወጣት ሐኪሞች ወረቀቱ ጥግ ላይ ያለችውን የማጣሪያ ቁጥር ሳታዩ አታንብቡ የምላቸው። ንጹሕ መስመር ማለት እውነተኛ መስመር ማለት አይደለም።

ወደ ሰውየው እንመለስ። መብቱ ተመዝግቧል እንጂ ችግሩ አላለቀም። በ1901 አሜሪካ ውስጥ የጀልባ ውድድር ለጋዜጦች በራዲዮ ለማስተላለፍ የተለያዩ ኩባንያዎች ወጡ። ሁሉም በብልጭታቸው እርስ በርስ ተደናቆሩና ለጋዜጣ የሚበቃ ወሬ ጠፋ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የዚያው ዓመት ዲሴምበር 12 ነው። ማርኮኒ ካናዳ ጫፍ፣ ኒውፋውንድላንድ ላይ፣ ሴንት ጆንስ ከተማ አጠገብ ካለ ኮረብታ ተቀምጦ ከእንግሊዝ ዳርቻ፣ ከፖልዱ የሚላክለትን የሞርስ ሦስት ነጥብ ይጠብቃል። ርቀቱ 3400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንቴናውን ወደ ሰማይ የያዘው በገመድ የሚበር ካይት ነበር። ነፋሱ ኃይለኛ ስለነበር ካይቱ ሲወዛወዝ የአንቴናው ጠባይ አብሮ ይለዋወጣል፤ ያ ሁሉ ዓመት የለፋበት የተቃኘ መቀበያ ቅኝቱን መያዝ አቃተው። ስለዚህ ምን አደረገ? ትቶት ያልተቃኘውን መቀበያ አመጣ። በሩን ሙሉ በሙሉ ከፈተው ማለት ነው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ሦስቱን ነጥብ ሰማሁ አለ፤ ረዳቱ ኬምፕም ሰማሁ አለ።

ሰሙ ወይስ የሰማዩን ጫጫታ ነው የሰሙት? ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። ሰዓቱ ቀን ነበር፤ በዚያ የሞገድ ርዝመት ቀን ላይ ያን ያህል ርቀት መሄዱ ይከብዳል። በወረቀት የተመዘገበ ነገርም የለም። እኔ የማምነው ሌላውን ነው፤ በ1902 ፌብሩዋሪ ፊላዴልፊያ በተባለች መርከብ ተሳፍሮ፣ ይህን ጊዜ ቅኝቱን በያዘ መቀበያና በወረቀት ጥብጣብ ላይ እያስመዘገበ ሄደ። ሌሊት ከ3000 ኪሎ ሜትር በላይ ምልክቱ ደረሰው። ቀን ላይ ግን ወደ 1100 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጠፋ። ይሄኛው መረጃ ነው።

በ1903 ደግሞ የሚያሳፍር ነገር ገጠመው። የኩባንያው አማካሪ ፕሮፌሰር ፍሌሚንግ ለንደን ውስጥ በተከበረ የሳይንስ አዳራሽ ቆሞ ስለ ማርኮኒ ሥራ ንግግር ሲያደርግ፣ ማርኮኒ ከሩቅ መልእክት እንዲልክ ተዘጋጅቶ ነበር። ከመልእክቱ አስቀድሞ መቀበያው ራሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንድ የስድብ ቃል ደጋግሞ አተመ፣ ቀጥሎም በማርኮኒ ላይ የሚያላግጥ ግጥም። ላኪው ኔቪል ማስከሊን የተባለ የምትሃት ትርዒት አሳዪ ነው፤ ቅኝቱ ማንንም አያስገባም የተባለውን ሊያፈርስ አስቦ በአቅራቢያው ማሠራጫ ተክሎ ነበር። ፍሌሚንግ ተናደደ። ማስከሊን ግን ልክ ነበር ባይ ነኝ። ቅርብ ያለ ኃይለኛ ብልጭታ በየትኛውም በር ሰብሮ ይገባል።

የማርኮኒ ኩባንያ መሐንዲስ ቻርልስ ፍራንክሊን በ1907 የሠራው መቃኛ ለዚህ የተሻለ መፍትሔ ሆነ። በላዩ ላይ ማብሪያ አለው። ወደ አንዱ ሲዞር መቀበያው ሰፊ ይሆናል፤ ኦፕሬተሩ ማን እንደሚጠራው ስለማያውቅ ሁሉን ይሰማል። የሚፈልገውን ሰው ካገኘ በኋላ ወደ ሌላው ያዞረዋል፤ ያኔ ሦስት የተቃኙ ዑደቶች በተርታ ይገቡና ሌላው ይቀንሳል። የሌሊት ተረኛ ሐኪም ማለት ናት እኮ! መጀመሪያ በሩ ለመጣው ሁሉ ክፍት ነው፣ አንዱን ታካሚ ከያዝን በኋላ ኮሪደሩን እንዘጋለን።

በ1909 ማርኮኒ ከጀርመናዊው ካርል ብራውን ጋር የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። ሰላሳ አምስት ዓመቱ ነበር።

ያ መቃኛ ታይታኒክ ላይም ነበር። የመርከቢቱ የራዲዮ ኦፕሬተሮች፣ ጃክ ፊሊፕስና ሃሮልድ ብራይድ፣ የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው። ኤፕሪል 14 ቀን 1912 ሌሊት ፊሊፕስ የመንገደኞችን የተጠራቀመ መልእክት ከካናዳ ዳርቻ ካለ ጣቢያ ጋር ይለዋወጣል፤ ከዚያ የሚመጣው ምልክት ደካማ ነው። በዚህ መሃል በቅርብ ርቀት ያለች ካሊፎርኒያን የተባለች መርከብ በረዶ ከቦን ቆመናል ለማለት ገባች። ከቅርብ ስለሆነ ጆሮ የሚሰነጥቅ ነበር፤ ደካማውን ምልክት ዋጠው። ፊሊፕስ ዝም በል፣ ሥራ ላይ ነኝ የሚል መልስ ሰጠው። የካሊፎርኒያኑ ኦፕሬተር ትንሽ ቆይቶ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ታይታኒክ ከበረዶው የተጋጨችው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። 1500 ያህል ሰው ሞተ። ወደ 700 የሚጠጋው የተረፈው ደግሞ በዚያው ራዲዮ ካርፓቲያ የተባለች መርከብ ተጠርታ ስለደረሰች ነው። ፊሊፕስን ብዙ ሰው ይወቅሰዋል። እኔ አልወቅሰውም፤ እስከ መጨረሻው ሲጣራ ቆይቶ ሞቷል። አንድ ጆሮ፣ አንድ ሞገድ፣ ሁለት ላኪ ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ ማጣሪያ አይነግርህም።

አደጋው አማተሮችንም ነካቸው። አሜሪካ ውስጥ በየቤታቸው ብልጭታ የሚያሰሙ ወጣቶች የሚፈጥሩት ረብሻ ቀድሞም ያማርር ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ከ200 ሜትር በታች ወዳለው አጭር ሞገድ ገፋቸው። ያ ሞገድ ለምንም አይጠቅምም ተብሎ የተተወ ነበር። ልጆቹ ግን ተቀብለው ሠሩበት። በ1921 ዲሴምበር ፖል ጎድሊ የተባለ አማተር ስኮትላንድ ድረስ ሄዶ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ከአሜሪካ የሚላኩ የአማተር ምልክቶችን አዳመጠ። ሱፐርሄትሮዳይን የሚባለውን፣ ሞገዱን ወደ አንድ ቋሚ ቦታ አምጥቶ እዚያ የሚያጣራ አዲስ መቀበያ ይዞ ነበር፤ ዛሬም አብዛኛው ራዲዮ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። ማርኮኒ ዓመታት ሙሉ ረጅም ሞገድ ላይ ነበር የተጠመደው፤ ወደ አጭሩ ዘግይቶ መመለሱን ኋላ ራሱም በይፋ ተናግሯል። ኤሌትራ በተባለች መርከቡ ላይ ሆኖ ከፍራንክሊን ጋር በሠራው ሥራ ግን ከ1926 ጀምሮ እንግሊዝ ከካናዳ፣ ከአውስትራልያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከህንድ ጋር በአጭር ሞገድ ተገናኘች።

ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ደምቢዶሎ ያደጋችሁ አጭር ሞገድ ምን እንደሆነ ከእኔ መስማት አያስፈልጋችሁም። ማታ ማታ አባቶቻችን የዶቼ ቬለን ወይም የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዜና ፍለጋ ያችን ጎማ በጣታቸው ጫፍ ሲያዞሩ አንድ ሌላ ጣቢያ ደርቦ ይገባል፤ ያፏጫል፤ ድምፁ ይመጣል ይሄዳል። ቤቱ ሁሉ ዝም በሉ ይባላል። አንዳንዱ ራዲዮ ላይ ሰፊና ጠባብ የሚያደርግ ማብሪያ ነበረበት። ወደ ጠባቡ ሲደረግ ፉጨቱ ይቀንስና ዜና አንባቢው የጉንፋን ድምፅ ያወጣል፤ ቃሉ ግን ይለያል። ስንቱ ሰው የአገሩን ወሬ የሰማው በዚያ አፍኖ በሚያወራ ድምፅ ነው።

የማርኮኒ የግል ሕይወት እንደ ሥራው የሰመረ አልነበረም። በ1905 ቢያትሪስ ኦብራየንን አገባ፤ ትዳሩ ፈረሰ። በ1912 በመኪና አደጋ ቀኝ ዓይኑን አጣ። በ1927 ማሪያ ክሪስቲና ቤዚ ስካሊን አገባና በ1930 የተወለደችውን ልጁን በመርከቧ ስም ኤሌትራ አላት። የልብ ሕመሙ በእነዚህ ዓመታት እየበረታ ሄደ።

በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። አስገድደውት አይደለም፤ አምኖበት ነው። ሙሶሊኒ የአገሪቱ የምርምር ምክር ቤት ፕሬዚዳንት አደረገው፤ በ1930 ደግሞ የንጉሣዊው አካዳሚ ፕሬዚዳንት፤ በዚያም የፋሺስቱ ታላቅ ምክር ቤት አባል ሆነ። በ1931 የቫቲካንን ራዲዮ አቋቋመ።

አሁን 1935ን ልብ በሉልኝ። በዚያ ዓመት የጸደይ ወራት ሮም ውስጥ ጉዊዶ ጉዊዳ የተባለ ሐኪም በባሕር ላይ ለታመሙ መርከበኞች በራዲዮ ነፃ የሕክምና ምክር የሚሰጥ ማዕከል ከፈተ። ዶክተር በሌለበት መርከብ ላይ አንዱ ሆዱን ሲያመው ካፒቴኑ በሞርስ ምልክቱን ይናገራል፤ ሮም ያሉ ሐኪሞች ምን እንደሚደረግ ይመልሳሉ። ዛሬ ቴሌሜዲስን የምንለው ይኸው ነው፤ ማዕከሉም እስከ ዛሬ ይሠራል። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማርኮኒ ነው። እንደ ሐኪም ለዚህ ሥራው ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። ማርኮኒ ያን ጊዜ ብራዚል ነበር። ለኢጣልያ ወግኖ ተናገረ። ወደ ለንደን ተሻግሮ የወረራውን ተገቢነት በቢቢሲ ለእንግሊዝ ሕዝብ ላስረዳ ብሎ ጠየቀ። ቢቢሲ ማይክሮፎኑን ከለከለው። ራዲዮን ለዓለም ያስተዋወቀውን ሰው ራዲዮ አላናግርም አለው። በታኅሣሥ የኢጣልያ አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን የሕክምና ጓድ በቦምብ መቱ፤ በሰሜን ደግሞ የሰናፍጭ ጋዝ ዘነበ። የመርከበኛው የሆድ ሕመም ያሳሰበው ሰው ስለዚህ ተቃውሞ አላሰማም።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን ተያዘች። ምዕራቡ ግን ገና አልተያዘም ነበር። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ዕጩ መኮንኖችና ከውጭ ተምረው የመጡ ወጣቶች ወደ ወለጋ ገብተው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። መሪያቸው ዶክተር ዓለምወርቅ በየነ ነበሩ፤ እንግሊዝ አገር የተማሩ የእንስሳት ሐኪም። የወለጋው ተወላጅ፣ ለንደን የተማሩት ይልማ ዴሬሳም አብረው ነበሩ። ሰኔ 19 ቀን 1928 ሦስት የኢጣልያ አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ሜዳ ላይ አረፉ። የመሯቸው የምሥራቅ አፍሪካው የኢጣልያ አየር ኃይል ምክትል አዛዥ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮ ነው። የመጡት የአካባቢው መኳንንት ያለ ውጊያ ይገቡልናል ብለው ነበር። ሌሊት ላይ የጥቁር አንበሳ ወጣቶች ደረሱባቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ጄኔራሉን ጨምሮ አሥራ ሁለት ኢጣልያውያን ተገደሉ። ከመጡት መካከል የተረፈው ሚስዮናዊው አባ ቦሬሎ ብቻ ነው።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከላይ ሰገነት ላይ የተቀመጡ የኢጣልያ ጋዜጠኞች ፉጨትና ጩኸት አሰሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ዝም ብለው ጠበቁ። የሩማንያው ሚኒስትር ቲቱሌስኩ ረባሾቹ እንዲወጡ ጮኹ፤ ፖሊስ አስወጣቸው። ከዚያ በኋላ በአማርኛ ንግግራቸውን አደረጉ። ደካማውን ድምፅ በጩኸት መዋጥ ማርኮኒ ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ነገር ነው፤ የአገሩ ሰዎች እንደዚያ ሲያደርጉ እሱ የአካዳሚያቸው ፕሬዚዳንት ነበር።

ስለ ማርኮኒ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍትና የግድግዳ ላይ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ ከኖቤሉ ወደ ሞቱ ይዘላሉ። ያ በጣም የጠበበ ማጣሪያ ነው፤ መስመሩ ያምራል፣ ኤስቲው ግን የለም። በሌላ በኩል ፋሺስት ነበር ብሎ ሁሉንም መጣልም አይመቸኝም፤ በራዲዮ የተረፉት መንገደኞችና መርከበኞች አሉ። ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ነው ማንበብ የምፈልገው። ቦነያ አጠገብ ተቀምጬ ስጽፍ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ለመቁረጥ እጄ አይታዘዝልኝም።

ማርኮኒ ሐምሌ 13 ቀን 1929 ዓ.ም. ሮም ውስጥ በልብ ድካም ሞተ፤ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሙሶሊኒ መንግሥታዊ ቀብር አደረገለት። በማግስቱ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ማሠራጫዎችና ቢቢሲ ለሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ ከየካቲት 12 በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ ከተረሸኑት መካከል ከጥቁር አንበሳ የነበሩ በርካታ የሆለታ ልጆች ይገኙባቸዋል። ለእነሱ ዝም ያለ ጣቢያ አልነበረም።

በ1943 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው የአሜሪካን መንግሥት በከሰሰበት መዝገብ ላይ ወሰነ። የቅኝቱ የአሜሪካ መብት ዋና ዋና ነጥቦች ፈረሱ፤ ሎጅ፣ ቴስላና ስቶን የተባሉት ቀድመውታል ተባለ። የተከራከሩበት ነገር ያቺው ነበረች፤ አንዱን ሞገድ ከሌላው የመለየት ዘዴ።

የዓለም አማተሮች ኤፕሪል 25 ሲቃረብ ባለው ቅዳሜ የማርኮኒን ቀን ያከብራሉ። እኛም ጋ አንድ ክበብ አለ፤ አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ፣ መጠሪያው ኢቲ 3 ኤኤ ነው። ኢትዮጵያ በአየር ላይ በቀላሉ የማትገኝ አገር ስለሆነች፣ ከዚያ አንድ ሰው ጥሪ ሲያሰማ ከአውሮፓ፣ ከጃፓን፣ ከአሜሪካ ብዙዎች በአንድ ጊዜ ይጮኹበታል፤ ከዚያ ሁሉ አንዱን ለመለየት ማጣሪያውን እያጠበበ፣ ደግሞ እያሰፋ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ስትሄዱ ጎራ በሉና ለአምስት ደቂቃ ማዳመጫውን አውሱን በሏቸው።